ሰማያዊው ጠብታ ሲደርቅ፦ ሞለኪውሎቹ የተሰለፉበት የኦርጋኒክ ሴሚኮንዳክተር ሽፋን አሠራር

ቲፕስ-ፔንታሲን የሚባለውን ኦርጋኒክ (ካርቦን ላይ የተመሠረተ) ሴሚኮንዳክተር ዱቄት ቶሉይን በሚባል አሟሚ ውስጥ ብታሟሙት ደማቅ ሰማያዊ ፈሳሽ ይሆናል። አንድ ጠብታ ዋፈር (ስስ የሲሊከን ገበታ) ላይ ጣል አድርጉና ትታችሁት ሂዱ። ስትመለሱ ዳር ዳሩ ወፍራም ቀለበት ሠርቷል። መሐሉ ላይ መርፌ የመሰሉ ክሪስታሎች ወዲያና ወዲህ ተበታትነዋል። ከዚህ ላይ ትራንዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ መሣሪያ፣ መሥራት ይቻላል። ችግሩ አንዱ ሸጋ ሆኖ ሲሠራ ከጎኑ ያለው ሙት መሆኑ ነው።

ያንኑ ፈሳሽ በአንድ አቅጣጫ፣ ቀጥ ባለች አንዲት መስመር እንዲደርቅ ብታደርጉት ግን ክሪስታሎቹ እንደ ሰልፈኛ ተከታትለው ይቆማሉ። ኬሚካሉ ያው ነው፤ አደራረቁ ብቻ ተለወጠ። ከታች የምታነቧቸው ደረጃዎች በሙሉ ያችን የመድረቂያ መስመር ለመንከባከብ የተደረደሩ ናቸው። ዋፈሩን ማጠብ፣ ገጹን ማከም፣ ሙቀቱን መለካት፣ ሁሉም ለእሷ ሲባል ነው።

ዘዴው ፈሳሹን በምላጭ እየሳቡ መቀባት ነው። ከሌሎቹ መርጬዋለሁ፤ ውድ ማሽን አይፈልግም፣ ስህተቱም በዓይን ይታያል። ቫኪዩም (አየሩ የተመጠጠ ክፍል) ላላችሁ ወደ መጨረሻው ላይ ጥቂት እላለሁ።

ሰልፉ ለምን ይጠቅማል?

ሲሊከን ውስጥ አቶሞቹ በጠንካራ ትስስር ተቆላልፈዋል። ቻርጅ እንደ ልቡ ይሄዳል። ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ግን ጎን ለጎን የሚቀመጡት በደካማ መሳሳብ ነው። ቻርጁ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ የሚሻገረው ሁለቱ በጣም ተቀራርበው የኤሌክትሮን ደመናቸው ሲደራረብ ነው።

ቲፕስ-ፔንታሲን አምስት የቤንዜን ቀለበቶች በተርታ የተጣበቁበት ጠፍጣፋ ሞለኪውል ነው። ከመሐሉ ግራና ቀኝ ሁለት ክንፎች አሉት። ክንፎቹ አሟሚ ውስጥ እንዲሟሟ ያደርጉታል። ሲደርቅ ደግሞ እንደ ጡብ ግንብ ተነባብሮ እንዲቀመጥ ያስገድዱታል። በሁለት ጡቦች መካከል ያለው ርቀት 0.33 ናኖሜትር ገደማ ነው። ይህ ርቀት ትንሽ ሲነካ ምን እንደሚሆን ለማየት እ.ኤ.አ. በ2011 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣውን ሥራ ማስታወስ ይበቃል። ፈሳሹን በተለያየ ፍጥነት እየሳቡ ርቀቱን ከ3.33 ወደ 3.08 አንግስትሮም አጠበቡት። አንድ አንግስትሮም የናኖሜትር አንድ አሥረኛ ነው። ሞቢሊቲው፣ ማለትም ቻርጁ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጓዝ የሚናገረው ቁጥር፣ ከ0.8 ወደ 4.6 ሴንቲሜትር ካሬ በቮልት በሰከንድ ዘለለ። በስክሪኖች ውስጥ ለዓመታት ሲሠራበት የኖረው ቅርጽ የለሽ ሲሊከን 1 አካባቢ ነው የሚሰጠው።

ሌላው ጠላት ስፌቱ ነው። ሁለት ክሪስታሎች በተለያየ አቅጣጫ አድገው የሚጋጠሙበትን ቦታ ስፌት እንበለው። ቻርጁ እዚያ ሲደርስ ይደናቀፋል፤ አንዳንዱም እዚያው ተይዞ ይቀራል። በኤሌክትሮዶቹ መካከል ስፌት በበዛ ቁጥር መሣሪያው ይደክማል። ይባስ ብሎ የስፌቱ ብዛት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ሁለት ትራንዚስተሮች አንድ ዓይነት አይሆኑም።

1. ዋፈሩን ማጠብ

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከዋፈሩ እንጀምር። የሚያስፈልገን በደንብ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ሲሊከን ነው፣ ላዩ ላይ 300 ናኖሜትር የሲሊከን ኦክሳይድ ያለው። ሲሊከኑ ጌት፣ ማለትም የትራንዚስተሩን ፍሰት የሚቆጣጠረው ኤሌክትሮድ፣ ይሆናል፤ ኦክሳይዱ ደግሞ ከላይ ከምንቀባው ሽፋን የሚለየው ኢንሱሌተር ነው።

በአልማዝ ጫፍ ቆርጣችሁ ብናኙን በናይትሮጅን አራግፉ። አሴቶን ውስጥ ከትታችሁ አልትራሳውንድ ማጠቢያ ላይ 10 ደቂቃ አቆዩት። ከዚያ አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ ሌላ 10 ደቂቃ። በሁለቱ መካከል ዋፈሩ እንዲደርቅ አትፍቀዱ። አሴቶን ሲደርቅ የተሸከመውን እድፍ እዚያው ጥሎ ነው የሚሄደው። እርጥብ እንዳለ በወረንጦ አንስታችሁ ወደ አልኮሉ አሻግሩት፤ ከዚያ በናይትሮጅን አድርቁት። ወረንጦው የሚይዘው ጥግ ጥጉን ብቻ ነው።

በመጨረሻ ዩቪ-ኦዞን (በአልትራቫዮሌት ብርሃንና በኦዞን እድፍ የሚያጠፋ ሳጥን) ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። መንጻቱን ለማወቅ አንድ ጠብታ ንጹሕ ውሃ ጣል አድርጉበት። ውሃው ድቡልቡል ሆኖ ከቆመ ገና ነው፤ እንደ ወረቀት ተዘርግቶ ከተኛ ነጽቷል።

ብዙ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለዚህ ሥራ የሰልፈሪክ አሲድና የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ድብልቅ ይጠቀማሉ። ፒራንያ ይሉታል፤ እንደ ዓሣው ነው፣ ያገኘውን ይበላል። ከአሴቶን ጋር ከተገናኘ ይፈነዳል። ዩቪ-ኦዞን ወይም የኦክስጅን ፕላዝማ ካላችሁ ይህን መጋፈጥ ለምን አስፈለገ? እኔ ትቼዋለሁ።

2. ገጹን ማከም

ንጹሕ ኦክሳይድ ላይ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች ተኮልኩለዋል። ቻርጅ ያጠምዳሉ፤ የአየር እርጥበትም ይስባሉ። ስለዚህ ገጹን አንድ ሞለኪውል ውፍረት ባለው ልባስ እንሸፍነዋለን።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚስተው ነገር አለ። በጣም የታወቀው ልባስ ኦክታዴሲልትራይክሎሮሲሌን ነው፤ ባጭሩ ኦቲኤስ ይባላል። ለቫኪዩም ሥራ ድንቅ ነው። ለእኛ ሥራ ግን ከመጠን በላይ ይንሸራተታል። ቶሉይን እላዩ ላይ አይቆምም፤ ጠቅልሎ ይሸሻል። እኔም መጀመሪያ ላይ “ምርጡ ይሄ ነው” ተብዬ ኦቲኤስ ቀብቼ አንድ ሳምንት ሙሉ ፈሳሹን ሳሳድድ ከርሜያለሁ። የሚሻለው ፌኒልትራይክሎሮሲሌን ነው፣ ፒቲኤስ የሚባለው። ጥንዶቹን ይሸፍናል፤ ፈሳሹም ተዘርግቶ እንዲቀመጥ ይፈቅዳል።

አሠራሩ ይህ ነው። ውሃ የሌለበት ቶሉይን ውስጥ ከመቶ 3 እጅ ገደማ ፒቲኤስ ጨምሩ። ዋፈሩን ከትታችሁ፣ ዕቃውን ከድናችሁ፣ በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ አሳድሩት። ጠዋት በቶሉይን አለቅልቁት፤ ቶሉይን ውስጥ አልትራሳውንድ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ ከዚያ አሴቶን፣ ከዚያ አልኮል። ፒቲኤስ ውሃ ሲያገኝ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ይለቃል፤ እርስ በርሱም ተያይዞ ነጭ ብናኝ ይሆናል። ሥራው በጭስ መምጠጫ ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው። ፈሳሹ ከደፈረሰ ዋፈሩ ላይ ብናኝ ወርዷል ማለት ነው። እያንዳንዷ ብናኝ ደግሞ በኋላ አንድ ያልተፈለገ ክሪስታል ትወልዳለች፤ እንደ አዲስ ጀምሩ።

አሁን የውሃ ጠብታው መዘርጋት የለበትም። ጉብ ብሎ መቆም አለበት፣ 70 ዲግሪ ገደማ ማዕዘን ሠርቶ።

ኦቲኤሱን ደግሞ አትጣሉት። ምላጩን ለመቀባት እንፈልገዋለን።

3. ፈሳሹን ማዘጋጀት

በ1 ሚሊሊትር ቶሉይን 8 ሚሊግራም ቲፕስ-ፔንታሲን። ጥቁር ብልቃጥ ውስጥ፣ ወይም በፎይል በተጠቀለለ ብልቃጥ፣ በ50 ዲግሪ ገደማ አንድ ሰዓት አማሱት። ከዚያ ቀዳዳው 0.2 ማይክሮሜትር በሆነ የቴፍሎን ፊልተር አጥሩት።

ብርሃንና ኦክስጅን አንድ ላይ ሆነው ይህን ሞለኪውል ይበሉታል። ደግነቱ ሲበላሽ ይናገራል፤ ሰማያዊው ይፈዛል። የፈዘዘ ፈሳሽ አትጠቀሙ። ለአንድ ቀን የሚበቃችሁን ብቻ አዘጋጁ።

ሁለት ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች አሉ፤ ዋጋ የሚያስከፍሉ ናቸው። አንደኛ፣ የፕላስቲክ ስሪንጅ ውስጡ እንዲንሸራተት ሲሊኮን ዘይት ይቀባል። ቶሉይን ያንን ዘይት ጠርጎ ወደ ፈሳሻችሁ ያመጣዋል፤ የመስታወት ስሪንጅ ተጠቀሙ። ሁለተኛ፣ የተለመደው ስስ የናይትሪል ጓንት ቶሉይን አይችልም። ከነካው በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። ጠብ ካለበት ወዲያው ቀይሩት።

4. መሣሪያውን ማሰናዳት

የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው። ዋፈሩን የሚያሞቅ ሆት ፕሌት፣ ሞተር ያለው ተንሸራታች መድረክ፣ የማይነቃነቅ ምላጭ (ከታች ምላጩ ይሄዳል ስል ከዋፈሩ አንጻር ማለቴ ነው)። ምላጩ የብረት መሆን የለበትም። ጠርዙ ያልተሸረፈ ሌላ የዋፈር ቁራጭ ይበልጣል። እሱን በኦቲኤስ ታክሙታላችሁ። ፈሳሹ ምላጩን ሲጠላውና ዋፈሩን ሲወደው ቦታውን ይይዛል፤ ወደ ምላጩ ጀርባ አይወጣም።

ምላጩን ጥቂት ዲግሪ አዘንብሉት። በጠርዙና በዋፈሩ መካከል 100 ማይክሮሜትር ክፍተት ይኑር። ይህን ለመለካት ውፍረቱ የታወቀ ስስ ፎይል ከስር አስገብታችሁ ምላጩን እስኪነካው ማውረድ፣ ከዚያ ፎይሉን መሳብ ነው። ግራና ቀኙን ለየብቻ ፈትሹ። ክፍተቱ በአንድ ወገን ከጠበበ መስመሯ ትጣመማለች። ክሪስታሎቹም አብረዋት።

ሙቀቱን 90 ዲግሪ አድርጉ። 90 የሚለው ግን ሆት ፕሌቱ ነው፤ ዋፈሩ ላይ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል። ቀጭን ቴርሞካፕል (ሙቀት የሚለካ ሽቦ) ዋፈሩ ላይ አስቀምጣችሁ ለኩ። በዋፈሩና በሆት ፕሌቱ መካከል ትንሽ ብናኝ ከገባ ብቻ ጥቂት ዲግሪ ይጠፋል። 90 የተመረጠው ቶሉይን በ110.6 ዲግሪ ስለሚፈላ ነው። በፍጥነት ይተናል፣ ግን አይንተከተክም።

አየሩንም አስቡት። ጭስ መምጠጫ ሳጥኑ ራሱ ነፋስ ያመጣል። ትነቱ በአንድ ወገን ከበረታ መስመሯ ወደዚያ ትሳባለች። መድረኩን ዙሪያውን በትንሽ ግልጽ ሳጥን ከልሉት፤ አናቱ ላይ ትነቱ የሚወጣበት ክፍተት ተዉለት። አንድ ሰሞን ጠዋት ጠዋት የሚያምር ሽፋን አገኝ ነበር፤ ከሰዓት ግን ይበላሻል። ፈሳሹን ቀየርኩ፣ ዋፈሩን ቀየርኩ፣ ወይ ፍንክች! ለካ ከሰዓት ላይ አንድ ሰው ገብቶ ቬንትሌተር ይከፍታል።

5. መሳብ

ከ20 እስከ 30 ማይክሮሊትር ፈሳሽ በፒፔት ወስዳችሁ ክፍተቱ አፍ ላይ ልቀቁት። ራሱ ይገባል። ከዳር እስከ ዳር እስኪሞላ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቁና ሞተሩን አስነሱ። ብዙ ከቆያችሁ ፈሳሹ እየተነነ ይወፍራል፤ ገና ሳትጀምሩ ክሪስታል ይዘራል።

መነሻ ፍጥነት በሰከንድ 0.4 ሚሊሜትር ይሁን። አንድ ሴንቲሜትር 25 ሰከንድ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ስልካችሁን አትዩ፤ መስመሯን ተመልከቱ። ከምላጩ ሥር እርጥብ ፈሳሽ ይታያል። ከኋላው ደግሞ የሚያብለጨልጭ ደረቅ ሽፋን ይወጣል። በሁለቱ መካከል ያለችው ጠርዝ እሷ ናት።

ቀጥ ብላ፣ ሳትርቅ፣ ምላጩን እግር በእግር ከተከተለች ደስ ይበላችሁ። አሟሚው እዚያች ጠርዝ ላይ ይተናል፤ ፈሳሹ ይወፍራል፤ ሞለኪውሎቹ ቀድሞ ባደገው ክሪስታል ጫፍ ላይ አንድ በአንድ ይቀመጣሉ። አዲስ ክሪስታል መጀመር አያስፈልጋቸውም። የቀደመው ይቀጥላል።

ፍጥነቱን ስትጨምሩ ግን ነገሩ ይለወጣል። ምላጩ መስመሯን ጥሏት ይሄዳል። ከኋላው እርጥብ ሜዳ ይዘረጋል፤ ሜዳው የሚደርቀውም በራሱ ጊዜ፣ በየቦታው ነው። ክሪስታሎች በዘፈቀደ ይጀምራሉ፤ ከአንድ ነጥብ ተነስተው እንደ ኮከብ ይፈነጥቃሉ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ይሄኔ ነው፣ እዚህ ግን መልቀም የለም።

ዝግታም የራሱ ጣጣ አለው። በጣም ሲዘገይ መስመሯ ባለችበት ትጣበቃለች፤ ምላጩ ይስባታል፤ ድንገት ተላቅቃ ትዘላለች፤ እንደገና ትጣበቃለች። ሽፋኑ ላይ ከመሳቢያው አቅጣጫ ጋር የተሻገሩ ወፍራምና ስስ ዘንጎች ይቀራሉ። መሰላል ይመስላሉ።

ውፍረቱም ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ይሄዳል፣ ሰው በሚጠብቀው መንገድ ግን አይደለም። ዝግ ባለው ክልል ፍጥነት ሲጨምር ሽፋኑ ይሳሳል። በእያንዳንዱ ሚሊሜትር ላይ የሚያርፈው ዱቄት ስለሚቀንስ ነው። ከሆነ ፍጥነት በኋላ ይገለበጣል። ምላጩ ፈሳሹን እየጎተተ ማንጠፍ ስለሚጀምር ፍጥነት ሲጨምር ሽፋኑ ይወፍራል። በሁለቱ መካከል ሽፋኑ በጣም የሚሳሳበት ቦታ አለ። የእኔ ምክር ከዚያ ቦታ ትንሽ ወደ ዝግታው ወገን መሥራት ነው።

ቁጥሩን ከእኔ አትቅዱ። የእናንተ ክፍተት፣ የእናንተ አየር፣ የእናንተ ምላጭ ሌላ ነው። በአንድ ቀን፣ በአንድ ብልቃጥ ፈሳሽ፣ በ0.2፣ በ0.4፣ በ0.8፣ በ1.6 እና በ3.2 ሚሊሜትር በሰከንድ አምስት ቁራጭ ሥሩ። አምስቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና እዩ። የትኛው መሰላል፣ የትኛው ኮከብ፣ የትኛው ሰልፍ እንደሆነ በዓይናችሁ ትለያላችሁ። ከዚያ በተሻለው ዙሪያ በጠባቡ ፈልጉ። መጀመሪያ ሙቀቱን አትንኩ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከነካችሁ የትኛው እንዳስተካከለው አታውቁም።

የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሚሊሜትሮች ሁልጊዜ የተዘበራረቁ ናቸው። እዚያ ብዙ ክሪስታሎች ተወልደው በተለያየ አቅጣጫ ይሽቀዳደማሉ። በመሳቢያው አቅጣጫ በፍጥነት የሚያድጉት ሌሎቹን ይቀድሟቸዋል፣ መንገዱንም ይዘጉባቸዋል። ስለዚህ ኤሌክትሮድ የምታስቀምጡት ከውድድሩ በኋላ ባለው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ያው የስታንፎርድ ቡድን ይህን ውድድር በብልሃት አሳጠረው። ምላጩ ላይ ፈሳሹን የሚያማስሉ ጥቃቅን ምሰሶዎች ሠሩ፤ ዋፈሩ ላይ ደግሞ ክሪስታሉ የሚጀምርበትን ቦታ የሚወስኑ ቅርጾች አወጡ። በቲፕስ-ፔንታሲን አማካይ ሞቢሊቲው 8.1፣ ከፍተኛው 11 ደረሰ።

6. ማቆየት

ከሳባችሁ በኋላ በዚያው ሙቀት 10 ደቂቃ ተዉት፤ የቀረው ቶሉይን ይውጣ። ሙቀት በጨመርኩ ቁጥር ይሻላል ብላችሁ እንዳትታለሉ። 124 ዲግሪ አካባቢ ክሪስታሉ አቀማመጡን ይቀይራል፤ መጠኑ ሲለወጥ ሽፋኑ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ሲቀዘቅዝ አይድንም።

7. ማየት

ፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕ እዚህ ሥራ ላይ ካሉት ሁሉ ይበልጣል። ሁለቱን ፖላራይዘሮች አጠላልፉና ዋፈሩን አዙሩት። ሰፊ አካባቢ አንድ ላይ ከበራ፣ አንድ ላይም ከጨለመ፣ ክሪስታሎቹ አንድ አቅጣጫ ይዘዋል። ብርሃኑ በየ90 ዲግሪው መጥፋት አለበት። አንዱ ጥግ ሲጨልም ሌላው ካበራ ስፌት አለ። ሽፋኑን ስታዞሩት የማይለወጡ፣ ሁልጊዜ ጥቁር የሆኑ መስመሮች ካያችሁ ደግሞ ስንጥቅ መሆናቸውን ጠርጥሩ።

አቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ (ገጹን በሹል ጫፍ እየዳሰሰ ከፍታ የሚለካ) ካገኛችሁ የሽፋኑን ደረጃዎች ለኩ። የአንድ ሞለኪውል ንብርብር 1.7 ናኖሜትር ገደማ ቁመት አለው። በመዳብ ኤክስሬይ ብትለኩት በግራፉ ላይ የመጀመሪያው ጫፍ 5.3 ዲግሪ አካባቢ ይወጣል።

ስለ ኤክስሬዩ አንድ ማስጠንቀቂያ። በተለመደው መንገድ የሚለካው ሞለኪውሎቹ ከዋፈሩ አንጻር እንዴት እንደቆሙ ነው። ሁሉም ቀጥ ብለው ቆመው፣ ፊታቸው ግን ወደየአቅጣጫው የዞረ ሊሆን ይችላል። ጫፉ ያኔም ሹልና ረጅም ሆኖ ይወጣል። “ኤክስሬዩ አሪፍ ነው፣ ትራንዚስተሩ ለምን እምቢ አለ?” የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ መልሱ ይኸው ነው።

8. ኤሌክትሮድ

በቫኪዩም ውስጥ፣ በተበሳ ስስ የብረት ጭምብል በኩል፣ ከ40 እስከ 50 ናኖሜትር ወርቅ አትንኑበት። መጀመሪያ ላይ በዝግታ። ወርቁ በኃይል ከመጣ ሽፋኑን ያሞቀዋል፤ ውስጡም ይሰርጋል። በሶርስና በድሬን (ፍሰቱ በሚገባበትና በሚወጣበት ሁለት የወርቅ ኤሌክትሮዶች) መካከል ያለው ርቀት 50 ማይክሮሜትርና ከዚያ በላይ ይሁን። ካጠበባችሁት የምትለኩት ሽፋኑን ሳይሆን የወርቁንና የሽፋኑን መጋጠሚያ ይሆናል።

ከአንድ ዋፈር ላይ ግማሾቹን በመሳቢያው አቅጣጫ፣ ግማሾቹን አሻግራችሁ አስቀምጡ። ሰልፉ እውነት ከሆነ ሁለቱ ይለያያሉ። እኩል ከመጡ ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለሱ።

ከዚያ ሹል መርፌ አንሱና በእያንዳንዱ ትራንዚስተር ዙሪያ ሽፋኑን ጫሩት። ይህን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው። ሽፋኑ ካልተቆረጠ ዥረቱ (የኤሌክትሪክ ፍሰቱ) በዙሪያም ይሄዳል፣ ቁጥሩም ያለአግባብ ያብጣል።

9. መለካት

ድሬኑ ላይ በቂ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ አድርጋችሁ ጌቱን ከዜሮ ወደ ኔጌቲቭ ውሰዱት። የዥረቱን ስኩዌር ሩት ከጌት ቮልቴጅ ጋር በግራፍ ሳሉት። ቀጥ ያለ መስመር መሆን አለበት። የመስመሩን ስሎፕ በራሱ አባዙት፤ ያንን በ2 እና በቻናሉ (በሶርስና በድሬን መካከል ባለው ክፍል) ርዝመት አባዙ፤ ውጤቱን ለቻናሉ ስፋትና ለኦክሳይዱ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) አካፍሉ። ለ300 ናኖሜትር ኦክሳይድ ካፓሲታንሱ በካሬ ሴንቲሜትር 11.5 ናኖፋራድ ነው።

ግራፉ ከተጠማዘዘ ተጠንቀቁ። ብዙ ኦርጋኒክ ትራንዚስተሮች በዝቅተኛ ቮልቴጅ ላይ ቁልቁለት የመሰለ ስሎፕ ያሳዩና በኋላ ይለዝባሉ። ከቁልቁለቱ ላይ ብትወስዱ የሚያምር ቁጥር ታገኛላችሁ። ሐሰት ነው፤ የመጋጠሚያው ተጽዕኖ ነው። በዚህ ዘርፍ ከታተሙት ትልልቅ ቁጥሮች አንዳንዶቹ በዚህ ምክንያት በኋላ ጥያቄ ተነስቶባቸዋል። ከለዘበው ክፍል ውሰዱ። ምርጡን አንዱን ብቻ አትናገሩ፤ ስንት ትራንዚስተር እንደለካችሁ፣ ስንቱ እንደሞተ፣ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ስንት እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።

ቫኪዩም ላላችሁ

ክንፍ የሌለው ፔንታሲን በተለመደው አሟሚ እምብዛም አይሟሟም። በቫኪዩም አትንኖ ማሳረፍ ነው የሚያዋጣው። ግፊቱ ከከባቢ አየር ቢሊዮን ጊዜ ገደማ ያነሰ ይሁን። ዋፈሩ በኦቲኤስ የታከመ፣ ሙቀቱ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ። በሰከንድ ከ0.01 እስከ 0.05 ናኖሜትር፣ እስከ 30 ወይም 50 ናኖሜትር ውፍረት።

ሚስጥሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ንብርብሮች ናቸው። ትራንዚስተሩ ውስጥ ቻርጁ የሚሄደው ኦክሳይዱን በሚነካው ጥቂት ናኖሜትር ውስጥ ነው። ስለዚህ አጀማመሩ ላይ በጣም ዝግ በሉ፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ ብትፈጥኑ ብዙ አይጎዳም። ሽፋኑ ሲያድግ የተቆላለፉ ደረጃዎች ይሠራል፤ አንዱ ደረጃ 1.5 ናኖሜትር ነው። ነገር ግን ቫኪዩም ውስጥ የምትሳብ መስመር የለችም። ክሪስታሎቹ በየቦታው ይጀምራሉ። ማስፋት ትችላላችሁ፤ ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ ማዞር ግን ከባድ ነው።

ማስቀመጥ

የሠራችሁትን ሽፋን ከብርሃን አርቁ። ናይትሮጅን ያለበት ሳጥን ካለ እዚያ፣ ከሌለ ጥቁር ዕቃ ውስጥ ከድናችሁ አስቀምጡ። ከሳምንት በኋላ እነዚያኑ ትራንዚስተሮች እንደገና ለኩ። ሁሉም እኩል ከቀነሱ ብርሃንና አየር ነክቷቸዋል። የተወሰኑት ብቻ ከወደቁ እነሱን በፖላራይዘር ሥር ተመልከቷቸው፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ያላያችሁት ስፌት ወይም ስንጥቅ እዚያ አለ።